የእናቴ እፍኝ ስንት ግራም ነው? የቡሄ ዳቦ ማስታወሻ

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ዛሬ ገባ። ቡሄ 12 ቀን ቀረው። ዛሬ ጠዋት ከልጆቹ ጋር አንድ ሥራ ጀምረናል፤ የእናቴን ዳቦ በሚዛን ለክተን ወረቀት ላይ ማስፈር።

ሐሳቡ የመጣልኝ አምና ነው። እናቴ ዘንድ ደብረ ብርሃን ሄደን ድፎ ስትጋግር ልኬቱን ጠየቅኳት። «ዱቄቱ እንደ ሰዉ፣ ውሃው እንደ ዱቄቱ፣ ጨው እንደ እጅሽ» አለችኝ። ከልቧ ነው የመለሰችልኝ። እሷም ከእናቷ የተማረችው እንዲሁ አጠገቧ ቆማ እያየች ነው። እኔ ግን አጠገቧ አልቆምኩም። ልጅ ሳለሁ ማድቤት ስገባ «አንቺ ሂጂ ትምህርትሽን አጥኚ» ብላ ታስወጣኝ ነበር። ለኔ ብላ ነው። ትምህርቱን አጠናሁ፣ ዳቦው ቀረብኝ።

አሁን 71 ዓመቷ ነው። የቀኝ እጇን አንጓ እያመማት፣ ሊጥ ስታቦካ ቆም እያለች ታሸዋለች። አምና ይህን ሳይ ነው የደነገጥኩት።

የሥራ ክፍፍላችን እንዲህ ነው። ማሙሽ 7 ዓመቱ ስለሆነ ሚዛኑን ያነባል፣ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሚጣ 4 ዓመቷ ነው። እሷ ታማስላለች፣ ትረጫለች፣ የሚጣበቅ ነገር ሁሉ ታጣብቃለች። አባታቸው ገበያና ሒሳብ ተሰጥቶታል።

ዛሬ እርሾውን ጀመርን። የታጠበ የማር ብልቃጥ፣ 100 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም ውሃ። ውሃውን ማታ ክፍት ማሰሮ ውስጥ አሳድሬዋለሁ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ በኖ ሲወጣለት እርሾው ይወደዋል። ሚጣ በእንጨት ማንኪያ አማሰለች። ማሙሽ ሊጡ የደረሰበት ቦታ ላይ ላስቲክ አሰረበት፣ ሲነሳ እንዲታወቅ። ክዳኑን ላላ አድርገን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው።

ማሙሽ ዘንድሮ ፍልሰታን ልጹም ብሏል፤ የመጀመሪያው ነው። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚችል ገና አላወቅንም። ዳቦአችንም የጾም ዳቦ ነው የሚሆነው። ቡሄ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ሙልሙሉ ውስጥ ወተት፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል አይገባም።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ብልቃጡ ፈነዳ ለማለት ምንም አልቀረው። ጠዋት ስንነሳ ሊጡ ላስቲኩን አልፎ ክዳኑን ገፍቶታል። ሚጣ እየዘለለች «ነቃ! ነቃ!» ትላለች። እኔም ደስ ብሎኝ ለእናቴ ደወልኩ።

«ገና ነው» አለች። «ይተኛል ደግሞ። አትንኩት፣ መግቡት ብቻ።»

እሷ በልምድ ያወቀችውን ነው የነገረችኝ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚታየው አረፋ አብዛኛውን ጊዜ ዱቄቱ ውስጥ ካሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ነው የሚመጣው። ሊጡ እየኮመጠጠ ሲሄድ እነሱ ይሞታሉ፣ ዳቦ የሚያነሳው እርሾ ደግሞ ቀስ ብሎ ቦታውን ይይዛል። ሽታውም ይመሰክራል። የዛሬው የረጠበ ጨርቅ እንጂ የእርሾ ሽታ አይደለም።

ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ግማሹን እናወጣለን፣ በወጣው ፈንታ 50 ግራም ዱቄትና 50 ግራም ውሃ እንጨምራለን። የወጣው አይጣልም። ትንሽ ዱቄትና ጨው ይጨመርበትና በመጥበሻ ቂጣ ይሆናል። የዛሬውን በበርበሬና በዘይት ቀባሁላቸው፤ ሳህኑ ላይ ምንም አልተረፈም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

እንደተባለው ተኛ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አንዲት አረፋ የለችም። ላይ ላዩ ውሃ አቅርሯል።

ሚጣ ብልቃጡን ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ «እማዬ፣ ሞተ?» አለችኝ። በርዶት ነው አልኳት። እውነትም በርዶታል። የነሐሴ አዲስ አበባ ቀን እንኳ ከ20 ዲግሪ ብዙ አያልፍም፣ ሌሊቱ ደግሞ ብርድ ነው። ሄዳ ነጠላዬን አመጣችና ጠቀለለችው። ከነነጠላው ፍሪጁ ላይ ሰቀልነው። እዚያ ከሞተሩ የሚወጣ ሙቀት አለ።

ዝናቡ ስላላቆመ ከሰዓቱ የከረጢት ሥራ ሆነ። የቡሄ ጨፋሪዎች ሲመጡ ሙልሙሉን በወረቀት ከረጢት ልንሰጣቸው አስበናል። ልጆቹ እየሮጡ፣ ዝናብ እየመታቸው ነው የሚዞሩት፣ እጃቸውም ጭቃ ነው። አባታቸው ካኪ ወረቀት ገዝቶ መጥቷል።

ሙጫውን ራሳችን ሠራን። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በግማሽ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጓጉል በደንብ ይበጠበጣል። ከዚያ አንድ ስኒ የፈላ ውሃ ላይ እየተጨመረ በቀስታ እሳት ይማሰላል። ገንፎ ሳይሆን፣ እንደ አጥሚት ወፈር ሲል ይወጣል። ሲበርድ ይለጥፋል። አፏ ቢገባም የማይጎዳ ሙጫ ስለሆነ ሚጣን ለቀቅኳት። 11 ከረጢት ጨርሰናል፣ የሚያስፈልገን 30 ነው። እሷ እያንዳንዱ ላይ የምትስለው ችቦ ነው። ችቦዎቿ ሁሉ እግርና ዓይን አላቸው።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ዛሬ የጅራፍ ቀን ነበር።

የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው፣ ከብት ጠብቀው ነው ያደጉት። ማሙሽ ሱቅ ያየውን የፕላስቲክ ገመድ ሊያመጣ ሲል «እሱ አይጮህም ልጄ» ብለው ቃጫ አመጡለት። ማታ ውሃ ውስጥ አሳድረነው ዛሬ ጠዋት ለስልሶ ተገኘ።

አገማመዱን በደንብ አየሁት። ቃጫውን ሁለት ቦታ ይከፍሉታል። እያንዳንዱን ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ወደ ፊት እየገፉ ያከሩታል። የከረሩትን ሁለቱን ደግሞ አንድ ላይ ወደ ኋላ ይጠመዝዟቸዋል። አንዱ ልፈታ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ለዚህ ነው ያለ ቋጠሮ የሚቆየው። ከእጀታው በኩል አውራ ጣት ያክላል፣ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየቀጠነ እየቀጠነ ክር ይሆናል።

ማሙሽ ጭኑ ትንሽ ስለሆነች ቃጫው እያመለጠ አስቸገረው። ሦስት ጊዜ ተፈታበት። ጋሼ አልነጠቁትም። «ፍታና እንደገና» ብቻ ይሉታል። እኔ ብሆን ተቀብዬው እጨርስለት ነበር። ከሰዓት ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ገመድ ይዞ ወደ ቤት ገባ። መዳፉ ቀልቷል።

ማታ «ለምንድን ነው የሚጮኸው? ምንም ሳይነካ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን መልስ ስለማውቅ ደስ አለኝ። ክንድ ያስነሳው ጉልበት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲተላለፍ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ይቀድማል፤ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ ማለት ነው። ያ «ጧ» የሚለው አየሩ ራሱ ነው። ዓይኑን አፍጥጦ ሰማኝ። ከዚያ ጅራፉን ትራሱ ሥር አድርጎ ተኛ።

ሕግ አውጥተናል። ጅራፍ የሚጮኸው ግቢ ውስጥ፣ ማንም በሌለበት በኩል፣ ሚጣ ደረጃው ላይ ቆማ ብቻ ነው።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

እርሾው ዛሬ ተነሳ። በ10 ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ሽታው ተለውጧል፤ እንደ ኮመጠጠ ፖም ነገር። ከላዩ በማንኪያ ቆንጥረን ውሃ ላይ ስንጥለው ተንሳፈፈ። ነጠላው ተወለቀለት።

ችኮላዬ ግን ዋጋ አስከፈለን። ዛሬውኑ 1 ኪሎ ዱቄት አቡክቼ አራት ሰዓት ብቻ አቆይቼ ጋገርኩ። ሊጡ ኩፍ አላለም ነበር፤ አይቻለሁ፣ ግን ልጆቹ ጠብቀው ጠብቀው ደክሟቸዋል ብዬ ጣድኩት። የወጣው ዳቦ ከባድ ነው። ላዩ ቀልቷል፣ ሆዱ ሊጥ ሊጥ ይላል። ማሙሽ ደብተሩ ላይ «ቁጥር 1፣ አልበሰለም» ብሎ ጻፈ። ቆራርጬ ምጣድ ላይ አደረቅኩትና ለሻይ ሆነ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ቁጥር 2። ማታ አቡክቼ አሳደርኩት። ጠዋት ድስቱን ሞልቶ ተገኘ። ሲነካ እንደ ሕፃን ጉንጭ ገባ ይልና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ምጣዱን አሙቄ፣ ኮባ ስላልነበረኝ የዘይት ወረቀት አንጥፌ አስገባሁት። 20 ደቂቃ እንደሞላው መብራት ጠፋ።

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ምጣዱ በያዘው ሙቀት ሥሩ በሰለ፣ ላዩ እንደነጣ ቀረ። መብራት ሲመጣ ገልብጬ ጨረስኩት፣ ግን ሳይነሳ የቀረው ቀርቷል። ጣዕሙ ግን ከቁጥር 1 በብዙ ይሻላል። ማደሩ ነው ልዩነቱ። ማሙሽ «ቁጥር 2፣ መብራት» ብሎ ጽፏል።

ነገ እናቴ ትመጣለች።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሾላ ገበያ ወርደን ኮባ ገዛን። ኮባ ሲገዛ ሰፊና ያልተሰነጠቀ ቅጠል ነው የሚመረጠው። በልቡ በኩል ያለው ለጋ ቅጠል ለዳቦ ይሻላል፣ ጎልማሳው ይሰነጠቃል። ሚጣ አንዱን እንደ ጃንጥላ ይዛ ነው የተመለሰችው፣ ዝናቡም አግዟታል።

እናቴ ከሰዓት ደረሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ብልቃጡን ጠየቀች። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ዝም ብላ ቆየችና «ይሄ የኔ ቤት ይሸታል» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔ ግን የምሽቱን ሥራ እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ቡኮ። የወጥ ቤቱን ሚዛን ጠረጴዛው ላይ አደረግን፣ ጎድጓዳ ሳህን ላዩ ላይ።

«እኔን ልትመዝኑ ነው?» ብላ ሳቀች።

«እጅሽን ነው እማማ» አላት ማሙሽ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ።

ሁለት እጇን ገጥማ ዱቄቱን ዘግና ሳህኑ ላይ አፈሰሰች። 141። ማሙሽ ጻፈ። ሁለተኛው እፍኝ፣ 139። ሦስተኛው፣ 140። አራተኛው፣ 142። ቁጥሩን አታይም። ፊቷን ወደ ሚጣ አዙራ ስለ በግ ግልገል እያወራቻት ነው እጇ የሚሠራው። 14 እፍኝ ዘገነች። ዝቅተኛው 138፣ ከፍተኛው 142። ድምሩ 1,960 ግራም።

ማሙሽ ዓምዱን አየና «እናቴ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» አለኝ። አዎ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አርባና ሃምሳ ዓመት አንድ ሥራ የሠራ እጅ ሚዛን ሆኗል። ልኬት የለኝም የምትል ሴት አራት ግራም እንኳ አትስትም።

ሌላውንም ያዝን። ጨው በመዳፏ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ፣ 36 ግራም። ጥቁር አዝሙድ በሦስት ጣት እያነሳች፣ ድምሩ 14 ግራም። ዘይት 100። እርሾ 450፤ ለዚህ ስል ብልቃጡን ከትናንት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ መግቤዋለሁ። ለብ ያለ ውሃ በጭልፋ እየጨመረች 1,280 ላይ ቆመች። ውሃውን የምታቆመው ሊጡ ከሳህኑ ጎን መላቀቅ ሲጀምር ነው። አንድ ጭልፋ ያህል ቀርቷት «ጠግቧል» አለች።

የእጇ አንጓ ሲያማት እኔ ተካሁ። አቡካክዋን የተማርኩት እዚህ ላይ ነው። እኔ ሊጡን እጫነው ነበር። እሷ ጡጫዋን ውሃ ነክራ ታስገባዋለች፣ ከሥሩ ታነሳዋለች፣ አጥፋ ትመልሰዋለች። «አትደቁሽው፣ አንሺው» አለችኝ። 25 ደቂቃ ያህል ፈጀብን። ሲያልቅ እጅ ላይ የማይጣበቅ፣ ሲሳብ ሳይበጠስ የሚሳሳ ሊጥ ሆነ።

ሻሽ ጣል ተደርጎበት አደረ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

እናቴና ማሙሽ ሌሊት ቅዳሴ ሄዱ። 3 ሰዓት ላይ ሲመለሱ ሊጡ ሻሹን ቀና አድርጎት ጠበቃቸው።

እሷ በጣት አትነካውም። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። «ኑ ስሙ» አለቻቸው። ልጆቹ ጆሯቸውን ሊጡ ላይ አደረጉ። እኔም አደረግኩ። በጣም ቀጭን ድምፅ ነው፤ ዝናብ ሊያባራ ሲል ሣር ላይ የሚሰማው ዓይነት። አረፋዎቹ አንድ በአንድ ሲፈነዱ ነው። ሚጣ ግንባሯ ሊጥ ሆኖ ቀና አለች። «ያወራል» አለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያገኘችውን ሁሉ ጆሮዋን እያስጠጋች ስትሰማ ዋለች፤ ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ የአባቷን ሆድ።

ኮባው በእርጥብ ጨርቅ ከሁለቱም ወገን ይጠረጋል። የመሃሉ ወፍራም ጅማት በቢላ ይላጣል። ከዚያ የጋለው ምጣድ ላይ እየተሳበ ይለበለባል። አረንጓዴው ሲጠቁርና ሲያብረቀርቅ ለስልሷል ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ቢታጠፍም አይሰነጠቅም። አንዱ የአንዱን ጫፍ እንዲረግጥ ተደርጎ ክብ ይነጠፋል፣ ዳር ዳሩ ተርፎ እንዲወጣ። ሊጡ መሃሉ ላይ ይደፋል። የተረፈው ቅጠል ከላይ ይጠቀለልበታል፣ በላዩ ሌላ ኮባ ይደረባል፣ ይከደናል።

የእናቴ ችግር ምጣዱ ነበር። እሷ የለመደችው እንጨት ነው፤ ከታች እሳት፣ ከላይ ብረቱ ላይ ፍም። የኤሌክትሪክ ምጣድ እሳቱ ከታች ብቻ ነው፣ ሲበራ ደግሞ ሙሉ ኃይሉን ነው። ስለዚህ እያጠፋን እያበራን ሄድን። መጀመሪያ በሙሉ አጋልን፣ ሊጡ ሲገባ አጠፋን። ከዚያ 5 ደቂቃ በርቶ 10 ደቂቃ ይጠፋል። 50 ደቂቃ ሲሞላ እናቴ አየሩን አሸተተችና «አሁን» አለች። ኮባው የተጠበሰ ሻይ ቅጠል ሸቷል። ሰፌድ ላይ አንሸራትተን፣ በሌላ ሰፌድ ከድነን ገለበጥነው። ይህን ሁለት ሰው ካልሆነ ባይሞከር ጥሩ ነው። በዚያኛው ወገን 35 ደቂቃ።

ሲወጣ በጣቷ አንኳኳችው። እንደ ከበሮ ጎድጎድ ያለ ድምፅ ሰጠ። ኮባውን ሳንገፍ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። ትኩሱን መቁረስ ልጆቹን ደስ ያሰኛል፣ ግን ሆዱ ገና እየበሰለ ነው፤ ቢላው ያቦካዋል።

ቅጠሉ ሲነሳ ጅማቶቹ ዳቦው ጀርባ ላይ ታትመው ነበር። አባታቸው ቆረሰ። እኔ የልጅነቴን ዳቦ 20 ዓመት አልፎኝ በራሴ ቤት በላሁ።

ዛሬ ማታ ያንኑ ልኬት እኔ አቡክቻለሁ። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አልነካችም። ውሃው ላይ አንድ ጊዜ «ቀስ» አለች፣ በቃ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

የሙልሙል ቀን። የሊጡ ድምር 3,840 ግራም ነው። አባታቸው ለ30 አካፈለውና እያንዳንዱ 128 ግራም ወጣ። ማሙሽ አንድ በአንድ መዘነ። 131 ከሆነ ቆንጥሮ ይቀንሳል፣ 125 ከሆነ ይጨምራል። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ሳይመዝን መገመት ጀመረ። አሥራ ዘጠነኛውን ልክ 128 ቆረጠው። ደብተሩ ላይ ኮከብ አድርጓል።

ሙልሙል እንደ ስሙ ሞለል ያለ ነው። ኳሱ መዳፍ ሥር ይንከባለልና ሁለቱ ጫፍ ይሾጥጣል። ሚጣ የሠራቻቸው ስድስቱ አልሾጠጡም። እንዳሉ ጋገርናቸው። ምጣዱ በአንድ ጊዜ 10 ይችላል፣ ኮባ ተነጥፎ፣ በያንዳንዱ ወገን 12 ደቂቃ ገደማ። በሦስት ዙር አለቀ። መብራት አልጠፋም፣ ተመስገን።

ማታ ግቢው ውስጥ ችቦ ተለኮሰ። ጋሼ ደረቅ ጭራሮ በልጥ አስረው ለልጆቹ ልካቸው ቀጠን ቀጠን ያለ ሠርተውላቸዋል። እናቴ ልጆቹን አጠገቧ አድርጋ የቡሄን ነገር ነገረቻቸው። ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን ሲገልጥ እረኞቹ መሽቶም አልመሸ መስሏቸው ሜዳ ቀሩ፤ ወላጆቻቸው ዳቦ ይዘው፣ ችቦ አብርተው ፍለጋ ወጡ። ማሙሽ «ጅራፉስ?» አለ። ጅራፉ ከተራራው የተሰማው ድምፅ ነው አለችው። ከእኔ የ340 ሜትር ታሪክ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲያስታርቀው አየሁት። ሁለቱንም ይዞ ነው የተኛው።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ፣ ቡሄ

ጠዋት ግቢው የጅራፍ ድምፅ ብቻ ነበር። ማሙሽ ሳምንቱን ሙሉ ያልጮኸለት ጅራፍ ነው። ጋሼ ከኋላው ቆመው ክንዱን ያዙለት። «በጉልበት አይደለም። ስትመልሰው ነው የሚጮኸው። ዙር፣ ዙር፣ አሁን መልስ።» አምስተኛው ላይ «ጧ» አለ። ማሙሽ ራሱ ደንግጦ ጅራፉን ጣለው። ከዚያ አንስቶ እስከ ምሳ አላረፈም።

ጨፋሪዎቹ ከ4 ሰዓት ጀምሮ መጡ። የመጀመሪያዎቹ አራት ልጆች ነበሩ፣ ዱላቸውን ደረጃው ላይ እየደቁ። አውራጁ ድምፁ ተዘግቶበታል፣ ግን አልተወም። የቤቱን ሰው በየስሙ አወደሱ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እያጨበጨበች ተቀበለቻቸው። በከተማው አሁን የሚለመደው ብር መስጠት ነው፤ እኛም ትንሽ ብር ይዘን ነበር። ከረጢቱን ሲከፍቱት ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ሌላ ነው። አንደኛው «ሙልሙል ነው! የእውነት ሙልሙል!» ብሎ ጮኸ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው በሉት። ሲመርቁ ሚጣ እያንዳንዱን «አሜን» ከልቧ መለሰች።

መጀመሪያ ሚጣ እኔም ልጭፈር ብላ አልቅሳ ነበር። ሆያ ሆዬ በልማድ የወንዶች ልጆች ነው፣ የሴቶቹ ተራ ለእንቁጣጣሽ ነው። አሁን አሁን ግን ሴቶች ልጆችም አብረው ሲዞሩ አያለሁ። ማሙሽና የጎረቤት ልጆች ይዘዋት ሦስት ቤት ዞሩ። ያልሾጠጡትን ስድስቱን ሙልሙሎች ለማን እንደምትሰጥ የመረጠችው ራሷ ናት። አንዱን ለጋሼ፣ አንዱን ለአውራጁ፣ አንዱን ፎቅ ላይ ላሉት ለእትዬ። ሌሎቹን ሦስቱን አላውቅም። ከረጢቶቹ ባዶ ሆነው አልጋዋ ሥር አሉ።

ከሰዓት ዝናቡ አባራ። እናቴ መስኮቱን ከፍታ «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» አለች። ማታ እንደገና ዘንቧል።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

እናቴ ዛሬ ጠዋት ተመለሰች። የእርሾውን ግማሽ በትንሽ ብልቃጥ ይዛ ሄዳለች። የራሷ አላት፣ ግን «ይሄን የልጆቹን ነው የማሳድገው» አለች። ከሰዓት ደውላ መንገድ ላይ ክዳኑን ገፍቶ ነጠላዋን እንዳበላሸባት ነገረችን። ድምፅዋ ደስ ብሎታል።

ልኬቱ ፍሪጁ በር ላይ ተለጥፏል፣ በማሙሽ ጽሕፈት፣ በሚጣ ሙጫ። ዱቄት 1,960፣ ውሃ 1,280፣ እርሾ 450፣ ዘይት 100፣ ጨው 36፣ ጥቁር አዝሙድ 14። ሥሩ «አትደቁሽው፣ አንሺው» ይላል። ከዚያ በታች ማሙሽ ማንም ሳያዘው ሌላ ሠንጠረዥ አስምሯል። የሁላችንን እፍኝ መዝኖ። እማማ 140። አባቴ 163። እናቴ 117። እኔ 58። ሚጣ 35። አጠገቡ ባዶ ዓምድ አለ፣ ላዩ ላይ «የሚመጣው ቡሄ» ተጽፎበታል።

እርሾው ጠዋት 50 ግራም ዱቄት በልቷል። እንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ በዚያን ጊዜ ጾሙ ስለተፈታ ወተት ያለበትን እንሞክራለን። እናቴ ስልክ ላይ የወተቱን ልክ ጠየቅኳት። «እንደ ዱቄቱ ነው» አለችኝ። ሚዛኑን ይዘን ደብረ ብርሃን እንሄዳለን።